ሰባሪው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ፦ በሜልበርን የመንግሥት ቤቶች የሚደርሰው ጉዳትና ቃጠሎ ሂሳቡ በማን ላይ ይወድቃል?

ዛሬ ከአገር ቤት ፖለቲካ ጥቂት ፈቀቅ ብለን ብዙዎቻችሁ ስለምትኖሩበት፣ ስላለፋችሁበት ወይም ዘመድ ስላላችሁበት ቤት እንነጋገራለን። ሜልበርን ያላችሁ ታውቋቸዋላችሁ። በፍሌሚንግተን፣ በኖርዝ ሜልበርን፣ በካርልተን፣ በፊትዝሮይ፣ በኮሊንግዉድና በሪችመንድ ከሩቅ የሚታዩት እነዚያ የኮንክሪት ፎቆች ከምሥራቅ አፍሪካ ለመጣ ብዙ ስደተኛ በዚያች ከተማ የመጀመሪያው የራሱ በር የተከፈተባቸው ናቸው። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ የቀበሌ ቤትን አስቡ፤ ነገሩ ከእናንተም ሩቅ አይደለም።

ጥያቄው ይህ ነው። ሌሊት አንድ ሰው የሊፍቱን በር ረግጦ አጣመመው እንበል። ወይም የፎቅ ቁጥር ያለባቸውን ቁልፎች በላይተር አቃጠላቸው። ወይም ቆሻሻ መጣያ ክፍል ውስጥ እሳት ለኮሰና ሄደ። ጠዋት ስንነሳ «የመንግሥት ነው፣ መንግሥት ይሠራዋል» እንላለን። መንግሥት ይሠራዋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በማን ገንዘብ? ምን ሳይሠራ ቀርቶ? ሰባሪው ካልተገኘስ ደረሰኙ የማንን በር ያንኳኳል? ይህን ጉዳይ ዘርዘር አድርጎ ማወቅ የሚጠቅመው ከማንም በላይ በእነዚያ ፎቆች ውስጥ ለሚኖር ሰው ነው።

አስቀድመን ቤቶቹ ከየት እንደመጡ እንመልከት። የቪክቶሪያ የቤቶች ኮሚሽን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። የመሐል ከተማውን ያረጁ የድሃ ሰፈሮች አፍርሶ ለሠራተኛው ደህና ቤት መስጠት ነበር ዓላማው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፎቆቹ ተነሱ፤ 44 ናቸው። ብዙዎቹ 20 ፎቅ ናቸው፤ ሳውዝ ሜልበርን ላይ ያለው እስከ 30 ይደርሳል። ግድግዳቸው ሆልምስግለን በሚባል ቦታ፣ በጦርነቱ ጊዜ ታንክ ሊሠራበት በቆመ ፋብሪካ ውስጥ፣ እንደ ሰሌዳ ተጠፍጥፎ እየተጫነ የመጣና አንዱ በአንዱ ላይ የተገጠመ ኮንክሪት ነው። ሕንፃዎቹ ጠንካሮች ናቸው። የሚያረጀው ውስጣቸው ነው፤ የውሃና የፍሳሽ ቧንቧው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ሊፍቱ። አዲስ አካል ሲሰበር ይተካል። የ50 ዓመት ዕቃ ሲሰበር ግን ተተኪው ከገበያ ጠፍቶ ይሆናል፣ ከባሕር ማዶ ይታዘዝ ይሆናል፣ አለዚያ ሙሉ ዕቃው ይቀየራል። ስለዚህ አንድ ጎረምሳ በአንድ ርግጫ የሚያደርሰው ጉዳት ከርግጫው ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም።

ሊፍት ሲቆም የሚከፈለው ደግሞ በዶላር ብቻ አይደለም። 17ኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ጉልበቷን የሚያማት እናት ቀጠሮዋን ትሰርዛለች። ጋሪ የያዘች አራስ ቤቷ ትውላለች። የጤፍ ከረጢት ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣውን ሰው አይተነዋል። አምቡላንስ ሲጠራም ባለሙያዎቹ በቀረው አንድ ሊፍት ላይ ይንጠለጠላሉ። ይህ በማንም የሂሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍም።

እሳት ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። አንድ ቤት ሲቃጠል የሚቃጠለው አንድ ቤት አይደለም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚረጩት ውሃ በየወለሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች ያሉት ሁለት ሦስት ቤተሰቦች እሳቱን ሳያዩ ምንጣፋቸውና ኮርኒሳቸው ይበሰብሳል። ጭሱ ኮሪደሩን ይሞላል፤ በዚያ ወለል ያሉ ሁሉ ግድግዳቸው ይጠቁራል፣ ልብሳቸው ይሸታል። መብራት ይቋረጣል። ቤተሰቦች ወደ ሞቴል ወይም ወደ ዘመድ ይበተናሉ፤ ልጆች ከትምህርት ቤታቸው ይርቃሉ። ከዚያ ጥገናው ይጀመራል ስትሉ ሌላ ነገር ይመጣል። በዚያ ዘመን በተሠሩ ሕንፃዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። አውስትራሊያ ይህን ዕቃ ሙሉ በሙሉ ያገደችው እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ነው። ካለ ደግሞ ማንም ሠራተኛ መዶሻ ከማንሳቱ በፊት ፈቃድ ያለው ባለሙያ መጥቶ መመርመርና ማንሳት አለበት። ቤቱ በዚህ ሁሉ ጊዜ ባዶ ነው፤ ለወራት። በቪክቶሪያ ቤት ለማግኘት ተመዝግበው የሚጠብቁት ማመልከቻዎች ደግሞ ከ50,000 በላይ ናቸው። የተቃጠለው ቤት ሊገባበት የነበረው ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም፤ እሱም አያውቅም። ምናልባት ዘንድሮ ከካምፕ የመጣች የእናንተው ዘመድ ናት።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በመንግሥት ቤት የሚኖር ሰው ኪራይ በገበያ ዋጋ ሳይሆን በቤተሰቡ ገቢ ልክ፣ በግርድፉ ከገቢው 25 በመቶ ተሰልቶ ይከፍላል። ይህ ለድሃ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ማንም እንዲነካው አንፈልግም። ግን ውጤቱን ልብ በሉ። መሥሪያ ቤቱ በሰበሰበው ኪራይ ቤቱን መጠገን አለበት፤ ኪራዩ የሚወጣው ደግሞ ከጡረታ፣ ከሥራ አጥ ድጎማና ከትንሽ ደመወዝ ነው። ቤቶቹ እያረጁ ወጪያቸው ይጨምራል፤ ኪራዩ ግን ከነዋሪው ገቢ በላይ ሊያድግ አይችልም። የቪክቶሪያ ዋና ኦዲተር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሪፖርት ይህ አሠራር ሊቀጥል እንደማይችል በግልጽ አስጠነቀቀ። 10,000 ያህል ቤቶች፣ ማለትም ከጠቅላላው 14 በመቶው፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአገልግሎት የማይበቁበት ደረጃ ላይ እንደሚደርሱም ጻፈ።

ስለዚህ ሌሊት ለተሰበረው የሊፍት በር የሚወጣው ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም። ከዚያው ከጠበበው የጥገና በጀት ይቀነሳል። የእናንተ መታጠቢያ ቤት የሻገተ ግድግዳ፣ የማይዘጋው የጎረቤታችሁ መስኮት፣ ክረምት የማይሠራው ማሞቂያ ተራቸው ወደ ኋላ ይገፋል። ሊፍት መቆም አይችልምና ሊፍቱ ይቀድማል። ሻጋታው ይጠብቃል። ልጁ ያስላል።

ይህ ታሪክ ለኛ አዲስ አይደለም። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን ሲወርስ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች። ኪራዩ ተቀነሰ። ተከራዩ ደስ አለው፤ ሊደሰትም ይገባው ነበር። ነገር ግን በዚያች ጥቂት ብር ጣራ አይቀየርም፣ ሽንት ቤት አይመጠጥም። ነዋሪው «የኔ አይደለም» ብሎ አልጠገነም፤ ቀበሌው «ገንዘብ የለኝም» ብሎ አልጠገነም። በብዙዎቹ ማንም እሳት አልለኮሰም፣ ማንም በር አልሰበረም፤ ግን ጭቃው ረግፎ፣ ቆርቆሮው ተበስቶ አለቁ። ኋላ ሊፈርሱ ሲመጡ የተሰጠው ምክንያት «አርጅተዋል» የሚል ነበር።

የቀበሌ ቤቶች ያለ አጥፊ ማለቃቸው የሚያሳየን አንድ ነገር አለ። ሰባሪው ብቻውን ቤት አያፈርስም፤ ሳይጠገን የሚቀረው ስብራት ነው የሚያፈርሰው። አሜሪካኖች ይህን በሴንት ሉዊስ ከተማ በትልቁ አዩት። ፕሩት-አይጎ የተባለ 33 ሕንፃ፣ 2,870 ቤት ያለው ሰፈር በ1950ዎቹ አጋማሽ ተመረቀ። ጥገናው ከነዋሪው ኪራይ እንዲሸፈን ነበር የታቀደው። ሥራ ያለው እየለቀቀ ሲሄድ ኪራዩ አነሰ፣ ጥገናው ቆመ፣ የተሰበረው መስኮት ተሰብሮ ቀረ፣ በባዶዎቹ ቤቶች ወሮበላ ገባ። በ1972 ማፍረስ ተጀመረ፤ ፍርስራሹ በቴሌቪዥን ታየና ዓለም «ድሃ ፎቅ ላይ መኖር አይችልም» ብሎ ፈረደ። በጀቱ ላይ የፈረደ ጥቂት ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ሰባሪው ሳይያዝ ሲቀር ሂሳቡ ማን ላይ ይጻፋል? የጋራ ቦታ ከሆነ፣ ማለትም ሊፍት፣ ኮሪደር፣ ደረጃ፣ ከላይ እንዳልነው ሁላችሁም በተዘገየ ጥገና ትከፍሉታላችሁ። ቤት ውስጥ ከሆነ ግን ስሙ በውሉ ላይ ያለው ሰው አለ። እሱ ይጠየቃል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 የቪክቶሪያ እንባ ጠባቂ ዲቦራ ግላስ በዚህ ላይ ምርመራ አድርገው ሪፖርት አወጡ። ተከራይ ከቤት ሲወጣ ቤቱ ላይ ተገኘ ለሚባል ጉዳት መሥሪያ ቤቱ እንዴት ካሣ እንደሚጠይቅ ነው የመረመሩት። ያገኙት ነገር ሊነበብ የሚገባው ነው። መሥሪያ ቤቱ ጉዳት ሲያይ ተከራዩ አደረሰው ብሎ ከመነሻው ይገምታል። ተከራዩ ሲገባ ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ የተሟላ አይደለም። ከዕድሜ የመጣ እርጅናና ሆን ተብሎ የደረሰ ጉዳት ተለይተው አልተያዙም። ዕቃው ያገለገለበት ዘመን ሳይቀነስ በአዲስ ዋጋ ይጠየቃል። አንድ ምንጣፍ ዕድሜው ለምሳሌ አሥር ዓመት ቢሆንና ዘጠኙን ዓመት ከተረገጠ በኋላ ቢቃጠል፣ ተከራዩ ሊጠየቅ የሚገባው የቀረችውን የአንዲት ዓመት ዋጋ ነው እንጂ የአዲስ ምንጣፍ አይደለም። ተከራዩ የሄደበትን አዲስ አድራሻ አጥብቆ የሚፈልግ ስላልነበረ ሰውየው ሳይሰማ፣ በሌለበት፣ ቪካት በሚባለው ችሎት ይፈረድበታል። ከተፈረደባቸው መካከል ከቤት ውስጥ ጥቃት ሸሽተው የወጡ ሴቶችና የአእምሮ ሕመምተኞች ነበሩ። የሕግ ባለሙያ ቆሞላቸው የተከራከሩት ላይ ግን ሂሳቡ በእጅጉ ሲወርድ ታየ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። ሰባሪውን ማግኘት ከባድ ነው፤ ተከራዩ ግን አድራሻው ይታወቃል፣ ስሙ ተጽፏል፣ እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነው፣ የመጣለትን ደብዳቤ ፈርቶ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል።

ነገሩን ከሌላ የሜልበርን እሳት ጋር አወዳድሩት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ዶክላንድስ ውስጥ ላክሮስ በተባለ የግል አፓርታማ 8ኛ ፎቅ በረንዳ ላይ በደንብ ያልጠፋ ሲጋራ እሳት አስነሳ። እሳቱ የሕንፃውን ውጫዊ ልባስ ይዞ በደቂቃዎች ውስጥ እስከ ጣራው ወጣ። ደግነቱ ሰው አልሞተም። ጉዳዩ ቪካት ቀረበ፤ ባለቤቶቹ ጥሩ ጠበቆች ነበሯቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ችሎቱ ከ5.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ እንዲከፈላቸው ሲወስን ኃላፊነቱን እንዲህ ከፋፈለው፦ ለእሳት ደህንነት መሐንዲሱ 39 በመቶ፣ ለሕንፃ ተቆጣጣሪው 33፣ ለአርክቴክቱ 25። ሲጋራውን ለተወው ሰው 3 በመቶ። አዎ፣ ሦስት። የሚቀጣጠል ልባስ ሕንፃው ላይ እንዲለጠፍ የፈቀዱት ናቸው ትልቁን ጥፋት የሠሩት ተባለ። ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል። ግን እስቲ ጠይቁ፤ ያው ሲጋራ ጠበቃ በሌለው የመንግሥት ቤት ተከራይ በረንዳ ላይ ቢሆን ክፍፍሉ እንዲህ ይወጣ ነበር?

የለንደኑን ግሬንፌል እናንተም አልረሳችሁትም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 ለሊት 72 ሰው ያለቀበት ባለ 24 ፎቅ የመንግሥት ቤት ነው። እሳቱ የተነሳበት ቤት ነዋሪ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የታክሲ ሾፌር ነበር። ማቀዝቀዣው በእሳት ሲያያዝ ወዲያው የእሳት አደጋ ደወለ፣ እየሮጠም የጎረቤቶቹን በር አንኳኳ። በማግሥቱ ግን ጋዜጦች ስሙን አወጡት፤ እሱ እንዳጠፋ ተቆጠረ። የመንግሥቱ ምርመራ በጥቅምት 2019 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርቱ ምንም ጥፋት እንደሌለበት በግልጽ ጻፈ፤ በመስከረም 2024 የወጣው ሁለተኛው ደግሞ የሚቀጣጠለውን ልባስ የሸጡትን፣ ያጸደቁትንና ዝም ያሉትን በስማቸው ጠራቸው። ይህ ወንድማችን ስሙ እስኪጸዳ ከሁለት ዓመት በላይ ጠበቀ። በመካከሉ ያለፈውን መከራ የሚተምንለት የለም።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ይህን ሁሉ ስል የሚሰብርና የሚያቃጥል የለም ማለቴ አይደለም። አለ። አንዳንዱ ከውጭ የሚገባ ነው፤ አንዳንዱ ግን እዚያው ያደገ ልጅ ነው፣ አንዳንዱም የእኛው ልጅ ነው። የቪክቶሪያ ሕግ ሆን ብሎ ንብረት ያበላሸን እስከ 10 ዓመት፣ በእሳት ያበላሸን እስከ 15 ዓመት ያስራል፤ እሳቱ ሰው ከገደለ እስከ 25 ዓመት ይደርሳል። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ላይተር የሚጭር የ16 ዓመት ልጅ ቀልድ የሚመስለው ነገር በሕጉ ቀልድ አይደለም። ሕጉ ያስገባችሁት እንግዳ ለሚያደርሰው ጉዳትም እናንተን ሊጠይቅ ይችላል፤ ጉዳቱ ከባድና ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ ቤቱን ልቀቁ የሚል ማስታወቂያ ሊመጣ ይችላል። ልጁ ያጠፋል፣ እናቱ ትፈናቀላለች።

ከዚያም የስም ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ታርኔት ውስጥ ኢኮቪል በተባለ ሰፈር አንድ የማኅበረሰብ ቤት መስኮቱ ረግፎ፣ ግድግዳው ተሞነጫጭሮ በቴሌቪዥን ታየ። «የአፍሪካ ወሮበሎች» የሚለው ወሬ አገሩን ሞላው። በጥር 2018 የያኔው የአገር ውስጥ ጉዳዮች ሚኒስትር ፒተር ደተን የሜልበርን ሰው እራት ሊበላ መውጣት ፈርቷል አሉ፤ የሜልበርን ሰው በምግብ ቤት ፎቶ እያነሳ ሲሳለቅባቸው ሰነበተ። መሳለቁ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ያን በጋ ሥራ ሲፈልግ የነበረ፣ ባቡር ውስጥ ሰው ከጎኑ የተነሳበት ልጅ አልሳቀም። የጥቂቶች ሥራ በቆዳ ቀለም ተባዝቶ ለሁሉም ተከፋፈለ።

በሐምሌ 2020 ደግሞ ተቃራኒውን አየን፤ ማንም ምንም ሳይሰብር። በኮቪድ ምክንያት በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልበርን ዘጠኝ ፎቆች፣ 3,000 ያህል ሰው፣ ያለ ማስጠንቀቂያ በፖሊስ ተከበበ። 33 አልፍሬድ ጎዳና ያሉት ለ14 ቀን ወጥተው አየር መቀበል አልቻሉም ነበር ማለት ይቻላል። እንባ ጠባቂዋ በታኅሣሥ ባወጡት ሪፖርት አፈጻጸሙ ሰብዓዊ መብትን የጣሰ ነበር አሉ፤ መንግሥት ይቅርታ እንዲጠይቅ መከሩ፣ መንግሥት እምቢ አለ። ይህን የማነሳው አንድ ነገር ለማሳየት ነው። ፎቆቹን ሰው ሩቅ ሆኖ ሲያያቸው በውስጣቸው ያለውን ቤተሰብ ሳይሆን አደጋ ነው የሚያየው። እያንዳንዱ የተቃጠለ በር ያንን ዓይን ያጸናዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ስብከት አልሰብካችሁም፤ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ።

ቤት ስትረከቡ የቤቱን ሁኔታ የሚገልጽ ቅጽ ይሰጣችኋል። በእንግሊዝኛ ነው፣ አሰልቺ ነው፣ ብዙው ሰው «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ፈርሞ ይመልሰዋል። አታድርጉ። ከገባችሁበት ጀምሮ አምስት የሥራ ቀን አላችሁ። እያንዳንዱን ስንጥቅ፣ የተፋቀ ቀለም፣ የማይዘጋ ቁም ሳጥን ጻፉበት፤ ቀን በሚያሳይ ፎቶ አንሱትና ቅጂውን ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩት። ከስምንት ዓመት በኋላ የሚከራከርላችሁ ይኸው ፎቶ ነው። ከረጅም ጊዜ በፊት ገብታችሁ ይህን ያላደረጋችሁ ደግሞ ዛሬ ፎቶ አንሱ፤ ከምንም ይሻላል።

በራችሁን ሰው ከሰበረ በዚያው ቀን ለፖሊስ አሳውቁና የመዝገብ ቁጥር ተቀበሉ። ለቤቶች መሥሪያ ቤትም ደውላችሁ የጥሪውን ቁጥር ጻፉ። «ጎረቤት ይቀየመኛል»፣ «ፖሊስ ደጄ አይምጣ» ብላችሁ ዝም ካላችሁ ከዓመት በኋላ ያ በር የእናንተ ጥፋት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሰባሪው ጥቃት የሚያደርስባችሁ ባል ወይም የቀድሞ ባል ከሆነ፣ ጉዳቱ በእናንተ ላይ እንዳይጻፍ ቪካት ሊወስን ይችላል፤ ይህን ብዙ እህቶቻችን አያውቁትምና ንገሯቸው።

የካሣ ጥያቄ ወይም የቪካት መጥሪያ ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። ቪክቶሪያ ሊጋል ኤይድና ቴናንትስ ቪክቶሪያ አሉ፤ በነፃ ያማክራሉ። ችሎቱ አስተርጓሚ ያቀርባል፣ ጠይቁ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስለ እርጅናና ስለ ካሣ አይከራከርም።

ስለ ዕቃችሁም እንናገር። ሕንፃው ቢቃጠል መንግሥት ሕንፃውን ይሠራል። ሶፋችሁን፣ ቴሌቪዥናችሁን፣ የእናታችሁን የአገር ልብስ ግን መሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ አይገባላችሁም። ያ የእናንተ ፋንታ ነው፤ ራሳችሁ ካልገባችሁለት የጎረቤት እሳት የእናንተን ቤት ባዶ ያስቀረዋል።

አንዲት የቤታችን ጉዳይ ላንሳና ልቀጥል። ዕጣን ስናጨስ፣ ቡና ስንቆላ የጭስ መቆጣጠሪያው ይጮሃል። ስለዚህ አንዳንዱ ቤት የፕላስቲክ ከረጢት አልብሶት፣ በማስቲካ አሽጎት፣ ባትሪውን አውጥቶት ይኖራል። እየሳቃችሁ እንደምታነቡት አውቃለሁ። መቆጣጠሪያውን መንካት በሕግ ክልክል ነው፤ እሳት ቢነሳ ደግሞ ከሕጉም በላይ ነፍስ ያስከፍላል፣ ተጠያቂነቱም ከእናንተ ትከሻ አይወርድም። መስኮት ክፈቱ፣ የምድጃውን ማራገቢያ አብሩ፣ ከሰሉን በረንዳም ላይ ቢሆን ተዉት። ሳይቃጠል በቅጠል።

የመጨረሻው ጉዳይ የፎቆቹ ዕጣ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የቪክቶሪያ መንግሥት 44ቱንም ፎቆች እስከ 2051 ድረስ አፍርሶ እንደ አዲስ እንደሚሠራ አስታወቀ። በውስጣቸው 10,000 ያህል ሰው ይኖራል፤ በቦታው ወደፊት 30,000 ይኖራል ተብሏል። መጀመሪያ ከተያዙት መካከል የፍሌሚንግተኖቹ 120 ሬስኮርስ መንገድና 12 ሆላንድ ኮርት፣ የኖርዝ ሜልበርኑ 33 አልፍሬድ ጎዳና፣ እንዲሁም ቀድመው የተለቀቁት ሁለቱ የካርልተን ቀይ ጡብ ሕንፃዎች ናቸው። ነዋሪዎች ተቃውመው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። ይፍረሱ ወይስ ይታደሱ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው፤ የእኔ ሐሳብ መታደስ የሚችለው ሁሉ በባለሙያ ሳይመረመር መፍረስ አልነበረበትም የሚል ነው።

ከዛሬው ርዕስ ጋር የሚያገናኘው ግን ይህ ነው። ሊፈርስ የተቆረጠለት ሕንፃ ላይ ማንም ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ አይፈልግም፤ የሚሰበረው ግን አይቀንስም። ቤተሰቦች አንድ አንድ እያሉ ሲወጡ ባዶ ቤት ይበዛል። ባዶ ቤት መዳብ ሽቦ የሚፈልገውን፣ ማደሪያ ያጣውን፣ እሳት የሚለኩሰውን ይጠራል። መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ደግሞ አዛውንቶች፣ ሕመምተኞችና ብዙ ልጅ ያላቸው ናቸው፤ ትልቅ ቤት ቶሎ አይገኝምና። ስለዚህ ለመውጣት የምትጠብቁ ሁሉ ባዶ የሆኑት ቤቶች በሚገባ እንዲታሸጉ፣ የጥበቃ ሠራተኛው እንዳይቀነስ፣ ሊፍቱ እስከ መጨረሻው ቤተሰብ ድረስ እንዲሠራ አሁን በጽሑፍ ጠይቁ። ብቻችሁን ሳይሆን ተሰብስባችሁ፣ ሶማሌውም ሱዳኑም ቬትናሙም አብሮ ይፈርም።

እናንተም የምትወጡበት ቀን ሲደርስ ባዶውን ቤት ክፍል በክፍል ፎቶ አንሱ። ቁልፉን ስታስረክቡ ደረሰኝ ተቀበሉ። አዲሱን አድራሻችሁንም በጽሑፍ ስጡ፤ ከስድስት ወር በኋላ ስለዚያ ቤት ደብዳቤ ቢጻፍ እናንተ ጋ ይድረስ።